ጋሼ ደጀኔ እና የተሳሳተው ጸሎቴ

ጋሼ ደጀኔን ለምታውቁ ሁሉ፣ በኮሎምበስም ሆነ በሌላ ከተማ ለምትኖሩ፤

መምህራችን ጋሼ ደጀኔ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዎርዝንግተን በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አበበች እጃቸውን እንደያዙ ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነበር። ዜናውን ደውለው የነገሩኝ እትዬ አበበች ራሳቸው ናቸው። «አስቴርዬ፣ መምህርሽ ዐረፈ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «የቅዳሜው ክፍል በእኔ ምክንያት እንዳይቀር ብሏል፤ ለተማሪዎቹ ንገሪ» አሉ። ሰው ሊሞት ሲል ይናዘዛል እንጂ የትምህርት ፕሮግራም ያወጣል? እሳቸው ግን እንደዚያ ነበሩ። ሥራ ላይ ነበርኩና የምገፋውን የአንሶላ ጋሪ ግድግዳ አስደግፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በቀብራቸው ቀን ብዙ ሰዎች ስለ ደግነታቸው ተናግረዋል፤ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለኝ። እሱን ለመናገር የራሴን ጥፋት በሰው ፊት ማውጣት ስለሚኖርብኝ በዚያ ቀን አንደበቴ አልታዘዘኝም። ዛሬ ልጻፈው።

ጋሼ ደጀኔ ጎንደር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሜሪካ የመጡት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። የተዋወቅነው ኦቤትስ በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስናነሣ ነበር፤ እኔም ያኔ ለአገሩ አዲስ ነበርኩ። «ዲግሪ እንዳለኝ ለጉልበቴ ብነግረው አልሰማኝም» ይሉ ነበር እየሳቁ። የብሬክ ሰዓት ሲደርስ ግን መምህርነታቸው ይመለስባቸዋል። የተጣለ ካርቶን ገንጥለው የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች በወፍራም ማርከር ይጽፉና ለከበብናቸው ሁሉ ያስጠኑናል። ስንሳሳት ኤክስ አያደርጉብንም። ከመልሳችን አጠገብ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያስቀምጣሉ። «ኤክስ ደብተር ያስዘጋል፣ ጥያቄ ያስከፍታል» የሚሉት ነገር ነበራቸው። መኪና የሌለንን ደግሞ ከሺፍት በኋላ አንድ በአንድ በየቤታችን አድርሰው ነበር ወደ ቤታቸው የሚገቡት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከመጋዘኑ ወጥቼ የገባሁት ዎርዝንግተን ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ ናዲያ የምትባል ነርስ አለች። ሦስት ዓመት በአንድ ሺፍት ሠርተናል። መኪናዬ ሲበላሽ ከቤቴ ድረስ እየመጣች ትወስደኝ ነበር። እሷ ዛተር የሚሉት የአረብ ቅመም የተነሰነሰበት ዳቦ ታመጣልኛለች፣ እኔ ዳቦ ቆሎ አመጣላታለሁ። ይህን ሁሉ ስንሆን አገርሽ የት ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አረብ ናት፣ በቃ። አረብ ደግሞ ሁሉም ሙስሊም ይመስለኝ ነበር። አንገቷ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል እንኳ ልብ ብዬ አላየኋትም።

ልጄ ሶስና ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ቤተ ክርስቲያናችን የምስጋና ጸሎት አዘጋጀችልንና ናዲያን ጋበዝኳት። የጋዛው ጦርነት የተፋፋመበት ጊዜ ነበር። ጸሎት መሪዋ እኔ ነበርኩ። ምስጋናዬን ስጨርስ ማይኩን መልሼ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ግን ሞቀኝና ለእስራኤል መጸለይ ጀመርኩ። «ጌታ ሆይ፣ ፍልስጥኤማውያንን እንደ ጥንቱ በወንጭፍ ጣላቸው! አንድም አይትረፍ!» ብዬ ጮኽኩ። ጉባኤውም አሜን አለ።

ናዲያ አማርኛ አትሰማም። ፍልስጥኤም የሚለው ስም ግን በአማርኛም በአረብኛም ለጆሮ ይቀራረባል። አጠገቧ የተቀመጠችውን ሶስናን «እናትሽ ስለ እኛ ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ ሶስናም ቃል በቃል ተረጎመችላት። ናዲያ ለልጄ ያመጣችውን ስጦታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ቀስ ብላ ወጣች።

ቤት ስንገባ ልጄ ላይ ጮኽኩባት። «ምን ነበር ዝም ብትዪ?» አልኳት።

«ማሚ፣ አይ ካንት ላይ» አለችኝ፤ መዋሸት አልችልም ማለቷ ነው። ወደ ክፍሏ እየገባች ደግሞ፣ «ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ» ብላ ጨመረችልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ናዲያ ሥራ ላይ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ሰላምታዋም ለማታውቀው ጠያቂ የምትሰጠው ዓይነት ሆነ። ጓደኛዬን በገዛ አፌ አጣኋት፤ እንዴት አድርጌ እንደምመልሳትም አላውቅም ነበር።

ጋሼ ደጀኔ ያን ጸሎት ሰምተው ኖሮ በዚያው ሳምንት ኮል አድርገው ጠሩኝ። ቁጣ ጠብቄ ሄድኩ። ሻይ ቀዱልኝና ወረቀት አወጡ። «ፍልስጥኤማውያን» ብለው ከላይ ጻፉ፤ ያንኑ ቃል ከታች ደገሙት። በመካከሉ የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

«አስቴር፣ ስንት ዓመት ዘለልሽ?»

«የምን ዓመት፣ ጋሼ?»

«እነዚህ የላይኞቹ በቃሉ የምናነባቸው ናቸው፤ ከባሕር ማዶ መጥተው ዳር ዳሩን የሰፈሩ። ሕዝቡ ከሌላው ተቀላቅሎ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስሙ ግን ምድሩ ላይ ቀረ። ሮማውያን አገሩን በዚያ ስም ጠሩት፣ ከእነሱ በኋላ የመጡትም ተከተሉ። የታችኞቹ በአገራቸው ስም የተጠሩ የዛሬ ሰዎች ናቸው፤ ሙስሊምም አለባቸው፣ ክርስቲያንም አለባቸው። አንቺ ሦስት ሺህ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ዘለልሽና የጓደኛሽ ደረት ላይ ወደቅሽ።»

«ናዲያ ከዚያ መሆኗን አላወቅኩም ነበር» አልኩ።

«እሷ እዚያ ባትቀመጥ ጸሎቱ ትክክል ይሆን ነበር?»

ሻዬን አንሥቼ ፉት አልኩ። እሳቸው ግን አልተዉኝም። የዛሬው የእስራኤል መንግሥትም እንደማንኛውም መንግሥት ምርጫ ያለው፣ ጦር ያለው፣ የሚሳሳት መንግሥት መሆኑን አስረዱኝ። ከዚያ ስለ ይርጋ ነገሩኝ። ይርጋ ጎንደር ውስጥ በአንድ ዴስክ አብሯቸው የተማረ የቤተ እስራኤል ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሱዳን በእግር ሲወጣ በድብቅ ስለነበር ሳይሰናበቱ ተለያዩ። ዛሬ እስራኤል ነው የሚኖረው፤ የልጅ ልጁም ወታደር ሆኗል። «በየቀኑ በስም እየጠራሁ እጸልይላቸዋለሁ» አሉኝ። «ለናዲያ ወገኖች ስጸልይ ግን ይርጋን የከዳሁት አይመስለኝም። እግዚአብሔር ጆሮው ሰፊ ነው፤ ሁለቱን ስም ይይዛል።»

የቅዳሜው ክፍል የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት በር ላይ «አረቦችና እስራኤላውያን ለምን ተጣሉ? እጁን ያስገባውስ ማን ነው?» የሚል ወረቀት በእጃቸው ጽፈው ለጠፉ። ስብከት የጠበቀ መጣ፣ ፖለቲካ የጠበቀም መጣ። ያገኘነው ችሎት ነበር። ድሮ ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚከራከሩበትን ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ ጋሼ ደጀኔ ያንን ገለበጡት። እዚያ ክፍል ማንም ለሚወደው ወገን አይቆምም። እስራኤልን የሚወድ ለፍልስጤማውያን ይሟገታል፣ ለፍልስጤማውያን የሚቆረቆር ለእስራኤል ይሟገታል። ያኛው ወገን «አዎ፣ ነገሬ ይህ ነው» እስኪል ድረስም ተሟጋቹ አይቀመጥም።

«አስቴር፣ አንቺ ለፍልስጤማውያን» አሉ።

«ኧረ ጋሼ! እኔ?»

«አንቺ። ስማቸውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ፤ ነገራቸውንም አንቺው ተሸከሚ።»

ለእስራኤል የቆመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ ልጄ! ሶስና በዩኒቨርሲቲዋ ለፍልስጤማውያን ሰልፍ ስትወጣ የከረመች ናት፤ «ዲስ ኢዝ ኖት ፌር»፣ ይህ ፍትሐዊ አይደለም፣ ብላ ተከራከረች፤ ሰሚ አላገኘችም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምንጣላበትን ነገር ተለዋውጠን ለሳምንታት አጠናን። ካርታ የምታሳየኝ እሷ፣ የአማርኛውን ቃል የምሰጣት እኔ። ከመቼውም ይልቅ ብዙ የተነጋገርነው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ተነሥቼ ተናገርኩ። በዚያ ምድር ለትውልዶች አርሰናል፣ ወይራ ተክለናል አልኩ። የአገራችን ዕጣ በሩቅ ከተሞች ሲወሰን የጠየቀን የለም፤ እስራኤል ስትመሠረት በተነሣው ጦርነት በመቶ ሺዎች ሆነን ከቤታችን ወጣን፣ መመለስም ተከለከልን፤ የቀረነውም በሌላ ሠራዊት ሥር እንኖራለን አልኩ። ስናገር ናዲያ ነበረች ዓይኔ ላይ። ሶስና ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያቀላቀለች መለሰች። ይህች ምድር ለዘመናት በጸሎታችን ፊታችንን የምናዞርባት ናት አለች። በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን ወገኖቻችን ሲገደሉ ወደቡን የዘጋብን አገር ብዙ ነበር፤ መንግሥት ባቆምን ማግስት ጎረቤቶቻችን ዘመቱብን፤ ከአረብ አገሮች ቤታቸውን ጥለው የመጡ ወገኖች አሉን፤ ዛሬም ሮኬትና እገታ ያስፈራናል አለች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ ጋሼ ደጀኔ፤ «እዚህ ጠብ ላይ ያለው መከራ ሁለቱም የተወጉ መሆናቸው ነው። ሁለቱም ደግሞ ወግተዋል።»

ሦስተኛው ቡድን «ገላጋዮች» ይባል ነበር፤ የውጭ ኃያላን ማለት ነው። እንግሊዝን ሆኖ የቀረበው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ወንድማችን ነው። መጀመሪያ «ጋሼ፣ እርስዎ ወደ አረብ አደሉ» ብሎ ሊከሳቸው የመጣ ሰው ነበር። «ክስህን ተቀብያለሁ፤ እስከዚያው ግን እንግሊዝን ያዝ» አሉትና ቀረ። ያ ወንድም ቆሞ፣ «ለአረቦቹ ነፃነት ተስፋ ሰጠሁ፣ ለአይሁድም መኖሪያ ተስፋ ሰጠሁ፣ ከፈረንሳይ ጋር ደግሞ በጓሮ ተካፈልኩ። አንድ በሬ ለሦስት ሰው ሸጬ፣ ገዢዎቹ ሲደባደቡ ገበያውን ጥዬ ወደ ቤቴ ገባሁ» ሲል በሳቅ ፈነዳን። ቀጥሎ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ቀረቡ፤ አንዱ አንደኛውን ወገን ሲያስታጥቅ ሌላው ሌላኛውን እንዴት እንዳስታጠቀ፣ ነዳጁና የስዌዝ ቦይ ምን ያህል ዓይን እንደሳቡ ተናገሩ። ፍልስጤማውያንን ወንድሞቼ እያሉ ለየራሳቸው ጥቅም የተጠቀሙባቸው የአረብ መንግሥታትም አልቀሩም።

ጋሼ ደጀኔ እንዲህ አሉን፦ «ከሩቅ አትፍረዱ፤ እኛም አይተነዋል። በኦጋዴን ጦርነት ትናንት ሶማሊያን ያስታጠቀው ዛሬ እኛን አስታጠቀ። ጥይቱ የማንም ይሁን የማን፣ የተቀበረው የእኔ ተማሪ ነበር። ገላጋይ በትር ካቀበለ ገላጋይ አይባልም።» አንድ ልጅ ጥፋቱ ሁሉ የኃያላኑ ነው ማለት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ፣ «አይደለም። ሁሉን ለውጭ ሰው ከሰጠህ የባለቤቶቹን እጅ ታጥብላቸዋለህ። እጃቸው ካለበት ግን መፍትሔውም በእጃቸው አለ ማለት ነው፤ ተስፋዬም እሱ ነው» አሉት።

ይህን ሁሉ ተምሬ ለናዲያ አንድ ቃል ለመናገር ግን ወኔ አልነበረኝም። በኮሪደሩ ስታልፍ አንሶላ የምቆጥር እመስላለሁ። በመጨረሻ ጋሼ ደጀኔ ሰለቻቸው። «ሽማግሌ ሆኜ እሄዳለሁ» አሉ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው፤ በሰው በር ላይ ዝም ብሎ አይኬድም» ብላቸው፣ «ኮል አድርጌላታለሁ፤ አባቷ እንግዳ አይመልስም አለችኝ» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግሮቭ ሲቲ፣ ናዲያ ቤት ሄድን፤ እሳቸው በሙሉ ልብስና በክራቫት፣ ያ ሹፌር ወንድማችን ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኖ፣ እኔ ጥፋተኛዋ ከኋላ። በሩን የከፈቱልን የናዲያ አባት ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። ተቀመጥን። ናዲያ ፊቷን ሳትፈታ በትናንሽ ፍንጃል ቡና አቀረበችልን። ጋሼ ደጀኔ ፍንጃላቸውን ተቀበሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልነኩትም። እኔ እንደ ልማዴ ልጎነጭ ስል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል የሰው ቤት እንደማይቀምስ አውቃለሁ፤ ግን እነዚህ ሰዎች ይህን በምን ያውቃሉ? ናቁን ይሉናል ብዬ ፈራሁ።

ሽማግሌው ፍንጃሉን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ለናዲያ በአረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ናዲያ አፏን በእጇ ያዘች። «አባቴ ይህን ማን አስተማራቸው እያለ ነው» አለችን በእንግሊዝኛ። «በእኛም አገር ለእርቅ የተላከ ሰው ጥያቄው ሳይመለስለት ቡናውን አይቀምስም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ሆነ፤ ናዲያ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ታስተረጉማለች። ጋሼ ደጀኔ፣ «ልጅዎን ያስቀየመችው ይህች ልጄ ናት። ባለማወቅ ነው፤ አለማወቋ ግን የእኛ የመምህሮቿ ጥፋት ነው» አሉ። ሽማግሌውም ታሪካቸውን ነገሩን። ከያፋ አጠገብ ካለ መንደር በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወጥተው ቤተልሔም ማደጋቸውን፣ የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ደወል ድምፅ ዛሬም በጆሯቸው መኖሩን። ሲጨርሱ ጋሼ ደጀኔ እንዲህ አሉ፦ «ልደብቅዎት አልወድም። የልጅነት ጓደኛዬ እስራኤል ነው የሚኖረው። የልጅ ልጁ በዚያ ጦር ውስጥ ወታደር ነው።»

ይህንንስ ምን አስባላቸው አልኩ በልቤ። የመጣንበትን በገዛ አፋቸው አበላሹት። ናዲያ ራሷ ለማስተርጎም አመነታች። ስትነግራቸው ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ቀና ሲሉ፣ «ልጁ በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያም በእጃቸው ወደ ፍንጃሉ አመለከቱ። «አሁን ጠጣ።»

ጋሼ ደጀኔ እንባቸው እየወረደ ጠጡ። ቡናው በርዶ ነበር።

ናዲያን ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። «ሦስት ዓመት፣ አስቴር» አለችኝ። «አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ቢሆን!» «አሁን ልጠይቅሽ» አልኳት፤ እዚያው ቆመን ብዙ ነገረችኝ። ስንለያይ ግን እንዲህ አለች፦ «አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ። ጸሎትሽን ግን አሁንም እፈራዋለሁ።» ትክክል ነበረች። ዳቦውና ዳቦ ቆሎው ተመለሰ፣ ሳቃችንም ተመለሰ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ በጉባኤ ፊት ማይክ አልያዝኩም። ጋሼ ደጀኔ ይህን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን «አፍሽ የሰበረውን አፍሽ ካልጠገነው ማን ይጠግነዋል?» አሉኝ፤ እኔም ሌላ ወሬ አምጥቼ አለፍኩት።

ጋሼ፣ እንግዲህ የቀረውን ለእርስዎ ልንገርዎት። በቀብርዎ ቀን እትዬ አበበች ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጡና «እሱ ነው ያዘዘው» አሉኝ። ሄደውም አልተዉኝም ማለት ነው። ናዲያና አባቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሶስና ጎን ተቀምጠው ነበር። ስለ እርስዎ አመሰገንኩ። ስለ ይርጋና ስለ ልጅ ልጁ ጸለይኩ። ስለ ጋዛ ሕፃናት ጸለይኩ፣ የታገቱ ልጆቻቸውን እየጠበቁ ደጅ ደጁን ሲያዩ ስለ ከረሙ እናቶች ጸለይኩ፤ በሩቅ ሆነው በትር የሚያቀብሉትን እጃቸውን ሰብስብልን አልኩ። ፍልስጤማውያን የሚለውን ቃል ስጠራ ናዲያ ቀና አለች። ልጄ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ እያስተረጎመችላት ነበር፤ እኔም ልጄ የምታፍርበት ቃል እንዳይወጣኝ እየተጠነቀቅኩ፣ የማንንም መውደቅ ሳልለምን ጨረስኩ።

ጉባኤው ድምፁን ከማንሣቱ በፊት ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ቀድማ «አሚን» አለች፣ በአረብኛው አጠራር።

በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ። ጓደኛዬ ከእንግዲህ ጸሎቴን አትፈራውም።